አዳኝ አዕዋፍን በአደንና በመብል ላይ ፎቶ ማንሳት፦ ከጎንደር ከተማ እስከ ስሜን ገደሎች

የተቀመጠን ንስር ፎቶ ማንሳት ረጅም ሌንስና መጠነኛ ትዕግሥት ላለው ሰው የሚያዳግት ሥራ አይደለም። ንስሩ ከተቀመጠበት ሲወረወር፣ ጥፍሩን ዘርግቶ ሲነጥቅ፣ የያዘውን በክንፉ ከልሎ ሲበላ ማንሳት ግን የተለየ ዝግጅት ይጠይቃል። ድርጊቱ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ተጀምሮ ስለሚያልቅ፣ ካሜራውን ያን ጊዜ ማስተካከል የሚጀምር ሰው ዘግይቷል። ስለዚህ የአደን ፎቶ ወፉን በማሳደድ አይገኝም፤ የሚገኘው ወፉ የሚበላው ነገር የት እንዳለ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና ፀሐይ በየት በኩል እንደምትሆን አስቀድሞ አውቆ በቦታው በመጠበቅ ነው። ከዚህ ጋር የማይለያይ ሌላ ነገርም አለ። አዳኝ ወፍ ብዙ ጊዜ ሞክሮ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሳካለት ፍጥረት ነውና፣ ፎቶ አንሺው ቀርቦ ከምግቡ ካስነሣው የወሰደበት ነገር ቀላል አይደለም። ጎንደርና ዙሪያዋ ሁለቱንም፣ ማለትም አደኑንም መብሉንም፣ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ለማየት የሚያስችሉ ስለሆነ ይህ መመሪያ በዚያው አካባቢ ላይ ያተኩራል።

ምግቡ ያለበትን ቦታ ማወቅ

በከተማው ውስጥ ለልምምድ ከሁሉ የሚመረጠው ወፍ ጭላት ነው። ቢጫ ምንቃርና ጫፉ የተሰነጠቀ ጅራት ያለው ይህ ወፍ ሰውን የለመደ፣ ከገበያና ከሥጋ ቤት አካባቢ የማይርቅ፣ መሬት ላይ የወደቀ ቁራጭ ሥጋ ሳያርፍ ጠልፎ የሚነሣ ነው። ከመውረዱ በፊት በቦታው ላይ ዝቅ እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ጅራቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያጠማዘዘ አቅጣጫውን ሲያስተካክል ወደ የት እንደሚወርድ አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ከጠለፈ በኋላም ብዙ ጊዜ እየበረረ ይበላል። ምግቡን ከጥፍሩ ወደ ምንቃሩ ሲያቀብል እግሩ ወደፊት ተዘርግቶ፣ አንገቱ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ የሚታይበት ቅጽበት ጭላትን በማንሳት ከሚገኙት ፎቶዎች ሁሉ የተሻለው እንደሆነ አምናለሁ። ከተነሣ በኋላ ካሜራውን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ይህን ያጣዋልና፣ ወፉ ከዓይን እስኪርቅ ድረስ መከተል ያስፈልጋል።

በቄራ አካባቢ ባሉ ዛፎችና ጣራዎች ላይ ደግሞ ባለቆቡ ጥንብ አንሳ ይቀመጣል። ቀጭን ምንቃሩ፣ ላባ የሌለው ሮዝ ፊቱና ከማጅራቱ ላይ ቆብ መስሎ የሚታየው ልስልስ ላባ ይለዩታል። ይህን ወፍ በከተማ ዳር ስለምናየው ብዙ ያለ ይመስለናል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከምድረ ገጽ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል። የጎንደር ፎቶ አንሺ በየዕለቱ ሊያነሣው የሚችለው ወፍ በዓለም ደረጃ ብርቅ መሆኑን ማወቅ ፎቶውን በቁም ነገር ለመሥራት በቂ ምክንያት ነው።

የእርድ ሥራ ከጾምና ከፍስክ ጋር ስለሚሄድ፣ ፎቶ አንሺው የቀን መቁጠሪያውን ማየቱ ይጠቅመዋል። በዐቢይ ጾም እርዱ ይቀንሳል፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ውስጥ ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ለጥንብ አንሳውና ለጭላቱ የሚተርፈው ይበዛል። ወደ ቄራው ግቢ መግባት ካስፈለገ ኃላፊዎቹን ማስፈቀድ ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከግቢው ውጭ፣ ወፎቹ ከማረፊያ ዛፋቸው ወደ ምግቡ በሚመላለሱበት መስመር ላይ መቆም የተሻለ ፎቶ ይሰጣል፤ ከበስተጀርባም ቆርቆሮና ሽቦ አይገባም።

ከከተማው ወጣ ሲባል ነገሩ ሁሉ በእህሉ ላይ የተመሠረተ ነው። በመስከረም ሣሩና አዝመራው ረጅም ስለሆነ አይጥ በቀላሉ ይሸሸጋል፤ አዳኙ ወፍም በአደይ አበባ መካከል ተቀምጦ ውብ ሆኖ ይታይ እንጂ አደኑ ብዙም አይታይም። አጨዳው ካለቀ በኋላ ግን፣ ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ በደምቢያ ሜዳና ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር ማሳው ገላጣ ይሆናል። አይጡም ከክምሩና ከውድማው ሥር ይሰበሰባል፤ አዳኞቹም ይህን ያውቃሉ። በዚሁ ወቅት ከሰሜን የዓለም ክፍል የሚመጡ የስቴፕ ንስሮችና በማሳው ላይ ዝቅ ብለው እየቀዘፉ የሚያድኑ ሌሎች ስደተኛ አዳኞችም በደጋው ይከርማሉ።

በዚህ መንገድ ላይ ዋነኛው ባለጉዳይ ኦገር ባዛርድ የሚባለው አዳኝ ነው። ደረቱ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር፣ ጅራቱ የሸክላ ቀለም ያለው ሲሆን፣ አንዳንዱ ሆዱ ጭምር ጥቁር ነው። ይህን ወፍ እ.ኤ.አ. በ1836 ለሳይንስ የገለጸው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ሲሆን፣ እርሱም በዚያው አሥር ዓመት መጀመሪያ ላይ በስሜን በኩል አልፎ ጎንደርን የጎበኘ ሰው ነበር። ወፉ በእንጨት ምሰሶ፣ በብቸኛ ዛፍ ወይም በድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ይመለከታል፤ ነፋስ ሲኖር ደግሞ በአየር ላይ ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ ከቁልቁለቱ ላይ አይጥና እንሽላሊት ይፈልጋል። አንድ ማረፊያ ከወደደ ስለሚመላለስበት፣ ከምሰሶው ሥር ነጭ ኩስና አጥንትና ፀጉር የተቀላቀለበት የተተፋ ድብልብል ነገር ካገኙ የሚጠብቁበትን ቦታ አገኙ ማለት ነው። ይህን ከማንም በተሻለ የሚያውቁት ግን እረኞች ናቸው። በማሳ ዳር የተቀመጡትን ሽማግሌ «እንዴት ዋሉ አባቴ» ብለው ሰላምታ አስቀድመው፣ ጫጩት የሚነጥቀው ጭልፊት ከየት እንደሚመጣ ቢጠይቁ፣ ከብዙ ሰዓት ፍለጋ የሚበልጥ መልስ ያገኛሉ።

ነፋስና ብርሃን

አዳኝ ወፍ የሚነሣውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው። ከዚህ አንድ ደንብ ይወጣል፤ ነፋሱና ፀሐይዋ ሁለቱም ከፎቶ አንሺው ጀርባ ከሆኑ ወፉ ብርሃን ፊቱ ላይ እያረፈበት ወደ ካሜራው ይመጣል። ነፋሱ ከፊት ለፊት ከሆነ ግን ጀርባና ጅራት ብቻ የሞላበት ካርድ ይዞ መመለስ ነው። ስለዚህ ወደ ቦታው ሲደርሱ መጀመሪያ ጥቂት ደረቅ ሣር በትነው የነፋሱን አቅጣጫ ይዩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የት እንደሚቆሙ ይወስኑ። ሁለቱ የማይስማሙ ሲሆን፣ ማለትም ፀሐይ ከምሥራቅ ነፋሱ ከሰሜን ሲሆን፣ እኔ ብርሃኑን ትቼ ነፋሱን እመርጣለሁ፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን የላባውን መስመር ያጎላልና ኪሳራው ትንሽ ነው።

በሰዓት ረገድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ በማሳ ላይ ለሚያድኑት ወፎች ይመረጣል። ብርሃኑ ዝቅ ያለ ነው፤ አየሩም አልሞቀም። መሬቱ ሲሞቅ የሚነሣው ትኩስ አየር ትልልቆቹን ጥንብ አንሳዎች ወደ ላይ ስለሚያነሣቸው እነርሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት እምብዛም አይንቀሳቀሱም። ያው ትኩስ አየር ግን ለፎቶ አንሺው ጠላት ነው፤ በረጅም ሌንስ ከሩቅ ሲታይ ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ውድ ሌንስም ሆነ ከፍተኛ ፍጥነት ይህን አያስተካክለውም። በየካቲትና በመጋቢት አቧራው ሲጨመርበት በደምቢያ ሜዳ ላይ ከ4 ሰዓት በኋላ ከ100 ሜትር ርቀት የሚነሣ ፎቶ ጥርት ብሎ መውጣቱ አጠራጣሪ ነው። መፍትሔው መቅረብ ወይም ከሜዳው ወደ ገደሉ መሄድ ነው።

የስሜን ገደል ለፎቶ የተመቸበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገባል። ዋናው ግርግዳ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሲሆን፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ደግሞ ፀሐይ ከሰማያችን ወደ ደቡብ አዘንብላ ትሄዳለች። ስለዚህ በአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው እኩለ ቀን እንኳ ቢሆን ፀሐይ ከኋላው ናት። በገደሉ ላይ የሚወጣው አየር ወፎቹን እስከ አፋፉ ድረስ ስለሚያነሣቸው ከዓይን ትክክል፣ አንዳንዴም ከእግር በታች ያልፋሉ፤ የክንፋቸውን የላይኛውን ገጽ፣ ከሜዳ ላይ ጨርሶ የማይታየውን፣ ማንሳት የሚቻለው በዚህ ዓይነት ቦታ ነው። በክረምት ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምትሻገር ይህ ጥቅም ይቀራል፤ ጉሙና ዝናቡም አያስቆምም።

ካሜራውን ማዘጋጀት

በሌንስ ጉዳይ ላይ ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን አጭር ማለትን እመርጣለሁ። በሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ 500 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ50 ሜትር ርቀት ላይ 3.6 ሜትር ስፋት ያሳያል። ክንፉ ከ2.3 እስከ 2.8 ሜትር የሚደርሰው ባለጢም ጥንብ አንሳ ከዚህ ስፋት አብዛኛውን ይይዛል፤ ክንፉ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር የሆነው ኦገር ባዛርድ ግን ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ለስሜን ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ለማሳው አዳኝ ደግሞ 500 ወይም 600 ይሻላል። በአነስተኛ ሴንሰር ካሜራ ላይ የሚገጠም ያገለገለ 70–300 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ማጉያው አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚሆን የ450 ሚሊ ሜትር እይታ ይሰጣል፤ ለጭላትና ለከተማው ጥንብ አንሳ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ስልክ በርቀት መነጽር ላይ አስጠግቶ ማንሳት ለተቀመጠና ለሚበላ ወፍ ይሆናል፤ ለአደን ግን አይሆንም።

የመዝጊያውን ፍጥነት በተመለከተ፣ ለሚያንዣብብ ጥንብ አንሳ 1/1250 ሴኮንድ ይበቃል፤ ለሚወረወር ወይም ለሚነጥቅ ወፍ ከ1/2500 በታች መውረድ አይገባም፤ ርግብ ለሚያሳድድ ጭልፊት 1/4000 ይፈለጋል። ይህ ከብርሃኑ ጋር እንዴት እንደሚስማማ በቁጥር ማወቅ ይጠቅማል። በጠራ ፀሐይ በአፐርቸር (ቁጥሩ ሲጨምር በሚጠብበው የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 6.3 ላይ 1/2500 ሴኮንድ የሚገኘው በአይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ባለው ስሜት መጠን፣ 400 አካባቢ ነው። በማለዳ ብርሃኑ በአራት እጥፍ ሲያንስ አይኤስኦው ወደ 1600 ይወጣል። የምስሉ ሻካራነት የሚያስፈራቸው ሰዎች አይኤስኦውን ዝቅ አድርገው ፍጥነቱን ይቀንሳሉ፤ ይህን አልደግፍም። ሻካራው ምስል በኋላ ይለሰልሳል፤ የተንቀጠቀጠው ግን የትም አይደርስም።

የትኩረቱ ጥልቀትም ሊታሰብበት ይገባል። በ500 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 6.3 በ20 ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ትልቅ ወፍ በአፋፉ ላይ ተጠግቶ ሲያልፍ ዓይኑ ጥርት ቢል እንኳ የክንፉ ጫፍ ይደበዝዛል። በዚህ ጊዜ ብርሃን ካለ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 መዝጋት ይሻላል። ፎከሱ ያለማቋረጥ በሚከተለው ዘዴ ላይ ይሁን፤ ካሜራው የወፍ ዓይን የሚለይ ከሆነ ይክፈቱት፤ ካልሆነ ደግሞ መካከለኛውን የነጥቦች ስብስብ ይጠቀሙ። ፎከሱን ከመዝጊያው ቁልፍ ለይቶ በጀርባው ቁልፍ ላይ ማድረግ፣ ወፉ ከምሰሶ ጀርባ ሲያልፍ ለጊዜው እንዲለቁት ያስችላል። ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ከመጫኑ በፊት ያሉትን ክፈፎች የሚያስቀምጥ አዲስ ካሜራ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ወፉ ከምሰሶው የሚወረወርበትን ቅጽበት ለመያዝ ይህን ይጠቀሙበት።

የብርሃን መለኪያው በሰማይና በገደል መካከል ስለሚሳሳት፣ ፀሐዩ በማይለዋወጥበት ቀን ሁሉንም በእጅ ማስተካከል ከሁሉ ይሻላል። ወፉ ከነጭ ደመና ፊት ወደ ጨለመ ገደል ፊት ሲሻገር በእርሱ ላይ ያረፈው ብርሃን አልተለወጠም፤ ካሜራውም መለወጥ የለበትም። በራስ ሰር ዘዴ ለሚሠሩ ግን፣ ጥቁር ወፍ በደማቅ ሰማይ ላይ ሲሆን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል እርከን (አንዱ እርከን ብርሃኑን በእጥፍ ይለውጣል) ይጨምሩ፤ የኦገር ባዛርድ ነጭ ደረት ፀሐይ ሲመታው ግማሽ እርከን ይቀንሱ።

ከመነሣቱ በፊት የሚታዩ ምልክቶች

ካሜራው ዝግጁ ከሆነ የቀረው ወፉን ማንበብ ነው። ሊነሣ ያለ አዳኝ ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ኩሱን ይጥላል፤ ከዚያም ሰውነቱን ወደፊት አዘንብሎ ላባውን ያጠብቃል። ሊያድን ያሰበ ከሆነ ደግሞ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንና ወደ ጎን እያወዛወዘ ርቀቱን ይለካል፤ ዓይኑም አንድ ቦታ ላይ ይተከላል። ይህን ሲያዩ ካሜራውን ከዓይንዎ አያንሡ፤ የሌንሱን ማጉያ ግን ትንሽ ይቀንሱት። ክንፉ ሲዘረጋ የሚያስፈልገው ቦታ ተቀምጦ ከነበረበት ከእጥፍ በላይ ነውና፣ ክንፋቸው የተቆረጠ ፎቶዎች ሁሉ ምንጫቸው ይህ ነው።

ጥቁሩ ንስር፣ ቬሮ የሚባለው፣ ከዚህ ትንሽ ይለያል። ምግቡ በአብዛኛው ሽኮኮ ነው። በገደሉ ጥግ ተጠግቶ በፍጥነት ይበርና በድንገት በድንጋዩ ማዶ ብቅ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ወንድና ሴት አብረው ያድናሉ። ስለዚህ ዓይንን ንስሩ ላይ ሳይሆን ሽኮኮዎቹ ላይ ማድረግ ይበጃል። ሽኮኮዎቹ ጮኸው ወደ ስንጥቁ ሲገቡ ንስሩ በአቅራቢያ አለ፤ ጀርባው ላይ ያለው ነጭ ምልክት የሚታየው ደግሞ ከበላይ ለሚያየው ሰው ነው።

አጥንት የሚጥለው ጥንብ አንሳ

ስለ ስሜን ስናገር ከሁሉ አስበልጬ የምመክረው የባለጢሙን ጥንብ አንሳ አመጋገብ ነው፤ በዓለም ላይ በዋናነት በአጥንት የሚኖር ወፍ እርሱ ብቻ ነውና። በሳንቃበርና በጨነቅ አካባቢ በአፋፉ ላይ ሲመላለስ ይታያል። ከሩቅ ሲታይ ረጅምና ጫፉ የሾለ ክንፉ፣ እንደ ሽብልቅ የሆነው ጅራቱ፣ ቀረብ ሲል ደግሞ ከምንቃሩ በታች የተንጠለጠለው ጥቁር ጢሙ ይለዩታል። ደረቱና አንገቱ ላይ ያለው የዝገት ቀለም ከራሱ ላባ የመጣ አይደለም፤ ወፉ ብረት ያለበትን ቀይ አፈርና ጭቃ ስለሚቀባው የተገኘ ነው።

ከሌሎቹ ጥንብ አንሳዎች በኋላ ይመጣል፤ ሥጋው አልቆ አጥንቱ ሲቀር የእርሱ ማዕድ ይቀርባል። መጠነኛውን አጥንት እንዳለ ይውጠዋል፤ በሆዱ ያለው ኃይለኛ አሲድ ይፈጨዋል። ትልቁን ግን በእግሩ ይዞ፣ ርዝመቱን ከሰውነቱ ጋር አስተካክሎ፣ ከ50 ሜትር በላይ ከፍ ይልና በሚያውቀው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ተከትሎ ወርዶ፣ አንሥቶ፣ እንደገና ይወጣል። አንድን አጥንት ደጋግሞ ሊጥል ስለሚችል ፎቶ አንሺው ብዙ ዕድል አለው፤ ዕድሉን የሚያጠፋው ችኮላ ነው።

የመጀመሪያውን መጣል ካሜራ ሳያነሡ ይመልከቱት። ከየት እንደሚመጣ፣ የት ላይ እንደሚለቅ፣ በየት በኩል ዞሮ እንደሚወርድ ያስተውሉ። መንገዱ በነፋሱ ስለሚወሰን ሁለተኛውና ሦስተኛው ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም። ከዚያ በኋላ ከመጣያው ድንጋይ ቢያንስ 100 ሜትር ርቀው፣ በመንገዱ ጎን፣ ከድንጋይ ወይም ጅብራ ከተባለው ረጅም የደጋ ተክል አጠገብ ዝቅ ብለው ይቀመጡ። ሌንሱን እስከ ጥጉ አያጉሉት፤ ፎቶው የሚናገረው ወፉና አጥንቱ በአንድ ክፈፍ ውስጥ፣ በመካከላቸውም ክፍተት እያለ ሲታዩ ነውና 300 ሚሊ ሜትር ከ600 ይበልጥ ይሠራል። ፍጥነቱ 1/2500 ይሁን። ከመልቀቁ በፊት ወፉ ትንሽ ወደ ታች ዘልቆ ፍጥነት ያገኛል፤ ተከታታዩን ምት የሚጀምሩት በዚያ ዝቅታ ላይ ነው። አጥንቱ ድንጋዩን ሲመታ የሚበተነውን ለማንሳት የሚፈልግ ሰው ካሜራውን በድንጋዩ ላይ አነጣጥሮ ወፉን መተው አለበት፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ አይቻልም።

በዚሁ ቦታ ትልቁ ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ አይታጣም። ሰባራውን ለመልቀም ከጥንብ አንሳው ጋር ሲጋፋ የሚታይ ስለሆነ ከእርሱም ጥሩ ፎቶ ይገኛል፤ ነገር ግን ቁራው ሰው የሚጥለውን ፍርፋሪ ስለለመደ ምሳዎን ደብቀው ይብሉ።

በመብል ላይ ያለን ወፍ መቅረብ

የበላ ወፍ ከባድ ነው፤ ለመነሣትም ይቸገራል። ይህ ፎቶ አንሺውን ያማልላል፤ «አይሄድም» ብሎ እንዲጠጋ ያደርገዋል። ነገር ግን ጥንብ አንሳ ሲደነግጥ የበላውን ተፍቶ ይነሣል፤ ጭልፊትና ንስርም የያዙትን ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ። ሊታወቁ የሚገባቸው የጭንቀት ምልክቶች አሉ፤ መብሉን አቁሞ አንገቱን ቀጥ ካደረገ፣ ወደ እርስዎ ደጋግሞ ካየ፣ ክንፉን ከሰውነቱ ትንሽ ከለየ፣ አንድ እርምጃ እንኳ አይጨምሩ። እንደገና ጎንበስ ብሎ መብላት ሲጀምር ባሉበት ይቆዩ። መሬት ላይ የያዘውን በተዘረጋ ክንፉ የሚከልለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሌሎች አዳኞች እንዳይቀሙት የሚያደርገው በመሆኑ ከሩቅ በሰላም ሊነሣ ይችላል። ጎንበስ ብለው በወፉ ዓይን ከፍታ ካነሡት ፎቶው እጅግ ይለወጣል።

ለመደበቅ የሚያገለግለው ቀላሉ ነገር ተሽከርካሪ ነው። በከተማ ዳር ባጃጅ፣ በመንገድ ላይ መኪና፤ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከውስጥ ሳይወጡ፣ ሌንሱን ጤፍ ወይም ሽምብራ በተሞላ ጆንያ ላይ አስደግፎ ማንሳት ብዙ ጊዜ ከድንኳን ይበልጣል። በእግር ከሆነ ቀጥታ ወደ ወፉ አይሂዱ፤ ያልፉ ይመስል በአግድም፣ ቀስ እያሉ ይጠጉ። በደጋው ያሉ ወፎች ጋቢ የለበሰና ዱላ የያዘ እረኛ ለምደዋል፤ የማይለምዱት ቆሞ የሚያፈጥ ሰው ነው። አንድ የሞተ አህያ ወይም በቅሎ በመስክ ላይ ከተገኘ የመብሉን ቅደም ተከተል ማየት ይቻላል። ቁራዎች ቀድመው ይደርሳሉ፤ የሩፔል የሚባሉትና ነጭ ጀርባ ያላቸው ጥንብ አንሳዎች ረጅም አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ይበላሉ፤ ባለቆቡ በዳር ሆኖ ቁርጥራጩን ይለቅማል። እነዚህ ሁለቱም ትልልቅ ጥንብ አንሳዎች እንደ ባለቆቡ ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ናቸው። ጅብ ወይም ውሻ ለመግደል የተመረዘ ሥጋ የበላውን ወፍ ሁሉ ስለሚጨርስ፣ በጥንብ ዙሪያ የሞቱ ወፎች ካዩ ፎቶ አንሥተው ለአካባቢው የግብርና ወይም የዱር እንስሳት ባለሥልጣናት ያመልክቱ፤ ሬሳዎቹን በእጅዎ አይንኩ።

ምግብ እየጣሉ ወፍ መጥራትን እኔ አልመክርም። በጎርጎራ፣ በጣና ዳር፣ ዓሣ የሚያድነው ነጭ ራስ ያለው ንስር ቀኑን በአብዛኛው በዛፍ ላይ ተቀምጦ ስለሚውል፣ ዓሣ ጥሎ እንዲወርድ ማድረግ ፈተናው ብርቱ ነው። እርሱን በራሱ ጊዜ ለማንሳት ማለዳ በጀልባ ወይም በታንኳ ወጥቶ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ፣ ውኃው በተረጋጋበት ዳርቻ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከቅርንጫፉ ላይ በዝቅተኛ መስመር ወርዶ በመጨረሻው ቅጽበት እግሩን ወደፊት ይወረውራል፤ ከታንኳ ላይ የሚነሣው ፎቶ ከውኃው ጋር እኩል ስለሆነ የሚረጨው ውኃ ጎልቶ ይታያል። ዓሣ ተጥሎለት የተነሣ ፎቶ ከሆነ ግን ይህንኑ ከፎቶው ሥር መጻፍ ይገባል።

ጎጆ ላይ ያለ ወፍን በሚመለከት ድርድር የለኝም። ባለጢሙ ጥንብ አንሳ ከአንድ ወይም ከሁለት እንቁላል በአብዛኛው አንድ ጫጩት ብቻ ያሳድጋል፤ እንቁላሉን ታቅፎ የሚቆየውም ወደ ሁለት ወር ገደማ ነው። በቅዝቃዜው ለጥቂት ጊዜ ከጎጆው ቢነሣ የዓመቱ ልፋት ሊጠፋ ይችላልና፣ ጎጆ ያለበት ገደል ካገኙ ሌላ አፋፍ ይፈልጉ።

ወደ ስሜን ለሚሄዱ

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም እዚያ ነው። የመግቢያ ክፍያ ይከፈላል፤ ስካውት የሚባለው የፓርኩ ጠባቂም አብሮ ይሄዳል። ስካውቱ ወፎቹ በየትኛው አፋፍ እንደሚያልፉ የሚያውቅ ሰው ነውና ከጉዞው መጀመሪያ ላይ ምን ማንሳት እንደሚፈልጉ በግልጽ ይንገሩት፤ ካሜራው ላይ የወጣውንም ያሳዩት። ከመነሣትዎ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ ጎንደር ላይ ይጠይቁ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር የተከለከለ ከመሆኑም በላይ ንስርና ጥንብ አንሳ እንደ ጠላት ስለሚያዩት ለእነርሱ አደገኛ ነው። በአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያና በማናቸውም ወታደራዊ ግቢ አቅራቢያ ረጅም ሌንስ አያውጡ።

ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ባትሪም ቶሎ ይደክማል። ትርፍ ባትሪዎችን በውስጥ ኪስ ይዘው ይደሩ፤ ከደባርቅ ሲነሡም ሁሉንም ሞልተው ይውጡ። በአፋፉ ላይ ዓይንን በካሜራው ላይ አድርጎ መራመድ ፈጽሞ አይገባም። የሚያልፍን ወፍ ተከትሎ መዞር ካለብዎ አስቀድመው ተቀምጠው፣ ወይም ሰው ከኋላ ይዞዎት ይሁን።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ፎቶዎቹን ሲመርጡ ጥርት ያለውን ሁሉ አያስቀምጡ፤ ድርጊቱ የተሟላበትን ይምረጡ። የታደነው ምን እንደሆነ የሚታይበት፣ ዓይኑ ብርሃን ያለበት፣ ጥፍሩ ወይም ምንቃሩ ያልተሸፈነበት ክፈፍ ከሌሎቹ ይቀድማል። ከፎቶው ጋር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወፉን ስም፣ የበላውን ነገርና አካባቢውን በአማርኛ ይጻፉ፤ በእኛ ቋንቋ የተጻፈ የአዳኝ አዕዋፍ የአመጋገብ መረጃ ጥቂት ስለሆነ አንድ በጥንቃቄ የተመዘገበ ፎቶ ለተማሪና ለተመራማሪ ያገለግላል። ጎጆ ወይም የማደሪያ ገደል የሚያሳይ ከሆነ ግን «ስሜን» ብሎ መተው ይበቃል፤ ካሜራው ወይም ስልኩ በፋይሉ ውስጥ ያስቀመጠውንም የቦታ መለያ ከማጋራትዎ በፊት ያጥፉት።